እርስዎ ቆመውማ ምን ይጎድለዋል!

ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ልዩ ፍላጎት ስላላቸው ወጣቶች ሥራ ባነሣሁ ቁጥር መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። የኔም ተዘጋጅቷል።

«እኔ ቆሜ ሳለሁ ልጄ ምን ጎደለበትና ነው ሥራ የሚገባው?»
እርስዎ ቆመውማ ምን ይጎድለዋል፣ እማማ! የሚጎድለው እርስዎ የተኙ ዕለት ነው። ሥራ የሚለመደው የእናት ጉልበት ሳይደክም ነው።

«ሰው ምን ይላል?»
ያሻውን ይበል! የሰው አፍ እንጀራ አይጋግርም።

«የእግዜር ቁጣ ነው።»
አባባ፣ እግዜርማ የሰጠዎ ልጅ ነው። ጓዳ የዘጋበት ሰው ነው።

«የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ማን አስተምሮ ይዘልቀዋል?»
እርስዎ፤ በገብስ ቆሎ። ሥራውን ባንድ ቀን አይጫኑበት። መጀመሪያ ገብሱን መልቀም ብቻ። እሱን ሲለምድ ማመሱን ይያዝ፤ ምጣዱ ይፋጃልና እጅዎ ከእጁ አይራቅ። ቀጥሎ መስፈር ነው፦ አንድ ብርጭቆ ቆሎ፣ አንድ ኖት። መልስ መስጠቱ ኋላ ይደርሳል። የሸጠበትን ግን እንዳይወስዱበት! ለፍቶ ያገኘው በእጁ ሲገባ ነው ሥራ የሚጥመው።

«ቱሪስቱ ከቀረ ወዲህ ለማን ሥራ አለ?»
ጦርነት የስሜን ተራሮችን ቱሪስት አራቀ እንጂ ዳቦ በሊታውን አላራቀም። ሊጥ ይቦካል፣ ብርጭቆ ይታጠባል፣ ለበቅሎ ድርቆሽ ይታጨዳል። ሥራ ከጠፋም ሁሉም ይፈልግ፤ የእርስዎ ልጅ ብቻ ተለይቶ ለምን ይቀመጥ?

«ሥራ ቢያበላሽብኝስ?» ይላሉ ባለ ዳቦ ቤቱ።
ጋሼ፣ እስቲ ዳቦ ሳያሳርር ሙያ የለመደ ጋጋሪ ያሳዩኝ! ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ። የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ በጉዳቱ ምክንያት ሥራ መንፈግን አድልዎ ይለዋል። ክስ ቢመጣ አድልዎ አለማድረግዎን የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።

«ልጅን እንዲህ ማሠልጠን ለአዲስ አበባ ሰው ነው።»
ለአዲስ አበባም ከሰማይ አልወረደላትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበረች። የጀመረችው ከራሷ ቤት ችግር ነው።

እንግዲህ ጎረቤት፣ ባለ ሱቅ፣ የዕድር ዳኛ፦ የጓዳውን ልጅ በስሙ ጥሩት። የሚችለውን ሥራ ስጡት፤ ሲሠራም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ክፈሉት።