ከዓይኑ በቀር የእርስዎ ነው

«ልጅ የባለገው ዱላ ከቀረ ወዲህ ነው» የሚል ሰው ከአርሲዋ ዲክሲስ ሻይ ቤት አይጠፋም። የዛሬው ተረኛ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሻያቸው ሳይቀርብ ይጀምራሉ። ከፊታቸው የተቀመጠችው የሁለተኛ ክፍል መምህርት ደግሞ ሻይ ታቆያለች እንጂ መልስ አታቆይም።

«ጋሼ፣ ዕውቀት በዱላ የሚገባ ቢሆን የዲክሲስ አህያ ሁሉ እስካሁን ዲግሪውን በያዘ ነበር።»

«እኛ እኮ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው!»

«ሰው ሆነው ነው የተወለዱት ጋሼ። ግርፋቱ በኋላ የመጣ ነው።»

እዚህ ላይ እኔም አላርፍ አልኩ። ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲያስረክብ «ከዓይኑ በቀር የእርስዎ ነው» ይል ነበር። የቸርነት ብዛት! ጆሮው ለመጠምዘዝ፣ ጉልበቱ ጠጠር ላይ ለመንበርከክ፣ ጣቱ በመሐሉ እስክሪብቶ እየገባ ለመጨመቅ ተሰጠ። ዓይን ብቻ በአደራ ተረፈ፤ እሱም የሌሎቹን መከራ ቆሞ እንዲያይ ነው።

«ሕግም አለ እኮ» አልኳቸው። «የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ዲክሲስ አልደረሰም እንዴ?»

ቀድማኝ መለሰች፦ «ደርሷል። አርፍዶ ስለመጣ በር ላይ አንበርክከውታል።»

ጋሼም ቢሆኑ መልስ አያጡም። «እስቲ በምላስሽ ሳይሆን በክፍልሽ አሳዪኝ። ለአንድ ክፍል 50 ልጅ ነው መመሪያው። አንቺ ጋ ስንት አሉ?»

«ቆጥሬ ሳልጨርስ ይደወላል።»

መጥበቡስ? አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ነው የሚናፈጠው። አንዱ ያሰበውን ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ይታረምበታል። «እጅ አውጡ» ሲባል ያወጣ ልጅ መመለሻ ቦታ ስለሚያጣ እስከ እረፍት እንዳወጣ ይቆያል፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «ተሳትፎው ግሩም ነው» ብሎ ይፈርማል። እንዲህ ባለ ክፍል ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ መምህሯ «ጨሊሳ!» ትላለች። እኛም በአማርኛ «ዝም በሉ!» ተብለን አድገናል። በሁለቱም ቋንቋ ልጆች የሚሰሙት አንድ ነው፦ ጀምሩ።

ዝምታን ለማስከበር የተፈለሰፈው ሹመት የክፍል አለቃ ይባላል። መምህር ሲወጣ የረባሽ ስም ይጽፋል፤ የባሰበትን በአጠገቡ ኤክስ ያደርግበታል። ግብሩ ቆሎ ነው። የአርሲ ገብስ እኮ መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ፣ ሌላው ወደ አለቃ ኪስ። ቆሎ የሰጠ ጨዋ ነው፤ ያልሰጠ ተኝቶም ቢሆን ረብሿል። አንዱ ልጅ ከትምህርት በቀረበት ቀን አለቃው ስሙን ጽፎት ተገኘ። «ቲቸር፣ አልመጣሁም እኮ!» ቢል፣ «ብትመጣ ትረብሽ ነበር» ተብሎ ኤክሱ ጸና። ስለ ሙስና የሚሰጥ ሥልጠና ሁሉ ለአዋቂ መሆኑ ይገርመኛል፤ ተመራቂዎቹን እኮ ነው የምናሠለጥነው።

ቀጥሎ «ወላጅ አምጣ» ይመጣል። አጨዳ ላይ ያለ አባት ደግሞ ለኤክስ ብሎ ማሳ ጥሎ አይመጣም። ልጁ ዘዴ አለው፤ ገበያ ዳር ካገኘው ጋሪ ነጂ ጋር ተዋውሎ ይዞት ይመጣል።

«አባትህ ነው?»

«አዎ ቲቸር፣ ዛሬን።»

«እሺ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ ጋሼ። አሁን ድምፃቸው ወርዷል፤ የእውነት እየጠየቁ ነው።

ኅዳር ላይ የሆነውን ነገረቻቸው። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነር በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል። ኮምባይነር ሲያልፍ የሚቀመጥ ልጅ ካለ ሐኪም ይየው። እሷም ጠመኔዋን አስቀመጠችና ሁሉንም ወደ መስኮትና ወደ በር ለቀቀቻቸው። ጎማውን ቆጠሩ፣ ድምፁን አስመሰሉ፣ ጠገቡ። ከዚያ ሒሳቡን ከኮምባይነሩ ጀመረች፦ 12 ኩንታል ስንዴ ወጣ፤ አንድ ጋሪ በአንዴ 4 ኩንታል ቢጭን ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ከኋላ አንዱ ተነሳ፦ «ቲቸር፣ ፈረሱ የማን ነው?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«የኛ ከሆነ ሁለቴ ይበቃዋል። የእነሱ ከሆነ ስድስቴ።»

ክፍሉ ተንጫጫ፤ ግን በሒሳብ ነው የተንጫጫው። ግማሹ ፈረሱን፣ ግማሹ ኩንታሉን ይዞ ተሟገተ፤ በመጨረሻ ሦስት ላይ ተስማሙ። እኔ ይህን ጫጫታ ከአሥር ጸጥ ያሉ ክፍሎች አልለውጠውም። ጸጥ ያለ ክፍልማ እሑድም አለ።

«እሱ ሒሳብ ለሚገባው ነው። መቀመጥ የማይችለውስ? እግሩ የሚበላውስ?»

ይቺን እኔ ወሰድኳት። «ጋሼ፣ እግሩ የሚበላው ልጅ በአርሲ ምድር ጥፋተኛ ከሆነ አገሩን መዝጋት ነው። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ገና ልጅ ሳሉ ያሯሯጧቸው እሳቸው ናቸው። ጥሩነሽን ‹አንቺ ልጅ አርፈሽ ተቀመጪ!› ብለዋት ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ሁለቱን ወርቅ ማን ይዞልን ይመጣ ነበር? የክፍል አለቃው?»

«ኃይሌ ግን ጨዋ ነበር ይላሉ» አሉ፣ ላለመሸነፍ።

«ኃይሌ ከአሰላ ገጠር 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር ትምህርት ቤት የሚደርሰው፤ መልሶም 10። ባይሆን ኖሮስ ጋሼ፣ አለንጋ ይዘው ማን ሊደርስበት?»

ሳቁ። መምህርቷ አልሳቀችም፤ ሥራው ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ፈረሱ የማን ነው ያለውን ልጅ ስሙን ጠርታ ከፊት አስቀመጠችው፤ ዱስተር፣ ጠመኔና መጻሕፍት የማደል ሥራ ሰጠችው። አሁን እግሩ የሚሄድበት ምክንያት ስላለው ኩርኩም አያስፈልገውም። ሥራው ግን ሳያስበው ከፍ አድርጎታል፤ መጽሐፍ ሲያድል ለእያንዳንዱ ዴስክ ንግግር ያደርጋል።

«ባለፈው ሰሞን በቃኝና ‹ዝም በል እንጂ አንተ!› አልኩት» አለች።

«ምን አለሽ?»

«‹ቲቸር፣ እኔ ዝም ካልኩ እነዚህን ማን ዝም ያሰኛቸዋል?›»