የሉማሜ ጎተራ አራት ጠባቂዎች

ተረት ተረት!

በጎጃም፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ ሉማሜ ላይ እንስሳት ጤፋቸውን ባንድ ጎተራ ያኖሩ ነበር። የማን ስንት ቁና እንደሆነ የሚያውቀው አያ በሬ ብቻ ነው። ሐቀኛ ስለነበር ማንም አልሰጋም። አንድ ክረምት በሬ ታሞ ሞተ፤ ሒሳቡም አብሮት ተቀበረ። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ሀገሩ በጭቅጭቅ ተራበ።

ከዚያ ወዲያ አህያ፣ በግና ጦጣ ሒሳቡን በጋራ ያዙ። ተረኛው የገባውን እህል ሰፍሮ ለሁለቱ ይነግራል። እመት ጦጣ ተራዋ ሲደርስ ለአህያ “አሥር ቁና ገባ”፣ ለበግ “ሰባት ቁና ገባ” አለች። ሁለቱ ሲገናኙ በግ ግራ ገባው፤ የዋሸችው ጦጣ ናት ወይስ የሰማውን የለወጠው አህያ? አህያም በግን ጠረጠረ። ሁለቱ ሐቀኞች ሲኳረፉ ጦጣ ሦስቱን ቁና በላች።

ሽማግሌው ዔሊ ተጠራ። “እንከን የሌለው ጠባቂ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ። አንዱ ቢታመም ወይም ቢዋሽ የማይናጋ ሥርዓት አቁሙ። ፍየልን ጨምሩና አራት ሁኑ። ሦስቱ ከተረኛው የሰሙትን እርስ በርስ ይነጋገሩ፤ የብዙዎቹ ቃል ይጽና። ሦስቱም የተለያየ ከሰሙ እህሉ ሁሉም ባሉበት እንደገና ይሰፈር” አለ።

“እፎይ፣ ተገላገልን!” አሉ።

“ገና ነው፤ ሥርዓት የሚፈተነው በጥጋብ ቀን ነው” አላቸው። አራቱንም በየተራ አስዋሸ፣ በየተራም ዝም አሰኘ። አንድም አጋጣሚ ሳይሞክር አላለፈም። በሁሉም ሐቀኞቹ በአንድ ቃል ጸኑ።

በመከር ጦጣ ለአህያና ለፍየል “አሥር”፣ ለበግ “ሰባት” አለች። ሦስቱ ተነጋገሩ፤ አሥሩ ጸና። የዋሸው ማን እንደሆነ ገና ባያውቁም ሒሳቡ አልተዛባም።

ሌስሊ ላምፖርት፣ ሮበርት ሾስታክና ማርሻል ፒዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህንኑ ስለተያያዙ ኮምፒውተሮች በሒሳብ አረጋግጠዋል፤ ፊርማ በሌለው መልእክት አንድ ዋሾን ለመቋቋም ቢያንስ 4፣ ሁለት ዋሾዎችን ለመቋቋም 7 ያስፈልጋሉ። ዛሬ የባንክ ገንዘባችን በኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሰፍሯልና ነገሩ የእኛም ነው።

ሀገርም እንዲሁ ናት። በአንድ ደግ ሰው ላይ ብቻ የቆመ ሥራ ከሰውየው ጋር ይወድቃል። ሐቀኞች ቢበዙም ካልተነጋገሩ አንድ ዋሾ ያባላቸዋል። የሰማችሁትን ለጎረቤታችሁ ንገሩ፤ እሱም የሰማውን ጠይቁት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።