«ኤ» የት ነው ያለችው?

ድሬዳዋ ውስጥ አድራሻ ብትጠይቁ ቁጥር የሚነግራችሁ የለም። «ከባቡር ጣቢያው ተነስተህ ቀጥ በል፣ ትልቁ ዛፍ ጋ ስትደርስ ሰው ጠይቅ» ትባላላችሁ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ደግሞ ትልቅ ያልሆነ ዛፍ ማግኘት ነው የሚቸግረው። እኔ ያደግኩት በዚህ ዓይነት አድራሻ ነው። ባለፈው ሰሞን ከኮምፒውተር ጋር የተጣላሁትም በዚሁ የተነሳ ነው።

ነገሩን ያመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው፤ የሸመንደፈር፣ ማለትም የባቡሩ ድርጅት፣ ጡረተኛ። («ናቸው» የምለው ለእናንተ ብዬ ነው። ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ሙቀቱን አይችለውም።) አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ቤት በከተተበት ሰዓት፣ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፈው መጡ። ውስጡ አሥራ አንድ ዲስኬት።

«የዕድሩ መዝገብ እዚህ ውስጥ ነው። ጸሐፊ ሳለሁ በ1989 ዓ.ም. ቢሮ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። አውጣልኝ።»

ዲስኬት ማንበቢያ ፍለጋ ታይዋን ገበያ ወረድኩ። አንዱ ልጅ ዲስኬቱን አገላብጦ አየና «ስንት ዘፈን ይይዛል?» አለኝ። አሰላሁለት፤ የአንድ ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ዲስኬቱ ይሞላል። ልጁ አዝኖልኝ ፍላሽ ሊሸጥልኝ ሞከረ። በመጨረሻ ጅቡቲ የሚመላለስ ዘመድ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አመጣልኝ።

ቀሪው ቀላል መስሎኝ ነበር። የእኔ ኮምፒውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ ኤምቱልስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኢሜት ግሬይ የጀመረው፣ አላን ክናፍ ለዓመታት የተንከባከበው ነው። በድሮው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በዶስ፣ የተዘጋጀ ዲስክን ያለ ብዙ ጣጣ ይከፍታል፤ «ኤምዲር» ስትሉት ይዘረዝራል፣ «ኤምኮፒ» ስትሉት ይገለብጣል። እኔም «ኤን ዘርዝርልኝ» አልኩት። እሱ «ኤ» የምትባለውን ፈልጎ አጣት።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። «ኤ» ዶስ ለዲስኬት ማንበቢያ የሰጣት ስም ናት። ሊኑክስ ዘንድ ዕቃ ሁሉ የሚኖረው «ዴቭ» በሚባል ሰፈር ነው። ኤምቱልስ ደግሞ «ኤ» ማለት የጥንቱ ዲስኬት ማንበቢያ፣ «ኤፍዲ ዜሮ» ነው ብሎ ያምናል። በዩኤስቢ የመጣው የእኔው እንግዳ ግን እንደ ፍላሽ ተቆጥሮ ሌላ ቤት ገብቷል። ስለዚህ ስሟ በነጥብ የሚጀምር፣ በነጥቧም ከዓይን የምትሰወር አንዲት የማስተካከያ ፋይል ከፍቶ «ድራይቭ ኤ ማለት እዚህ ቤት ያለው ነው» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። «ትልቁ ዛፍ ጋ» አይቀበልም።

የኤምቱልስን መመሪያ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ባለ 1.44 ሜጋባይት ዲስኬት 80 ትራክ አለው፤ ፊቱ ሁለት፣ በእያንዳንዱ ትራክ 18 ክፍል፣ በእያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት። ሲባዛ 1,474,560። በሚሊዮን ብትለኩት 1.47 ነው፣ በ1,024 ስሌት ብትለኩት 1.41። 1.44 የሚመጣው ሁለቱን ሚዛን ስትቀላቅሉ ነው፤ ይህን ቀፊራ ገበያ ላይ ብትሞክሩት ትደበደባላችሁ።

ጋሼ ግን «ትራክ» የምትለዋን ሲሰሙ ነቁ።

«1.44 አልክ? አዲሱ ሀዲድ እኮ ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው!»

እውነታቸውን ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር። በ1902 እንደ ፈረንጆች ድሬዳዋ የገባው፣ እሳቸው ያረጁበት የፈረንሳዩ ሀዲድ ልክ አንድ ሜትር ነበር።

«የድሮውን ሎኮሞቲቭ አዲሱ ላይ አውጥተህ ሂድ ብትለው ይሄዳል? አይሄድም! ማሽን የሚቆምበትን ማወቅ አለበት። አቦ፣ አታካብድ፣ ንገረውና እንሂድ።»

የኮምፒውተር መምህሮቼ በሦስት ዓመት ያላስረዱኝን በአንድ ጉንጭ ጫት አስረዱኝ።

ነገርኩት። ግን የነገርኩት ስህተት ነበር። የማንበቢያውን ቤት «ኤስዲቢ» ማለት ሲገባኝ «ኤስዲኤ» ጻፍኩ። «ኤስዲኤ» የራሴ ሃርድ ዲስክ ነው፤ የልጆቼ ፎቶ፣ የደሞዝ ወረቀቴ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ፈቃድ የለህም ሲለኝም የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሰጥቼ አስገደድኩት። ኤምቱልስ አየና «ይህ የዶስ ዲስክ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ፣ አለማፈሬ፣ «ዲስኬቱ ተበላሽቷል፣ እስኪ ፎርማት እናድርገው» ብዬ ትእዛዙን ግማሽ ድረስ ጽፌ ነበር።

«ፎርማት ማለት ምንድነው?» አሉ ጋሼ።

«አጥፍቶ እንደገና ማዘጋጀት።»

«ታዲያ መዝገቤስ?»

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይኔ «ኤስዲኤ» ላይ ያረፈው። ላቤ በሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

አንዷን ፊደል ቀየርኩ። ማንበቢያው እንደ አሮጌ ባቡር እያንቋረረ ተነሳ። ስድስቱ ዲስኬቶች አልተነበቡም፤ አራቱ ባዶ ነበሩ። በአሥራ አንደኛው ላይ አንድ ፋይል ተገኘ። ከፈትኩት። ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና የቃለ አጋኖ ትርምስ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች ነው፤ ከዚያ በፊት የአማርኛ ፊደል ሠሪው ሁሉ «ሀ»ን በፈለገው ቁልፍ ላይ ያስቀምጥ ነበር። የጋሼ ፊደል ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ሞቷል። የተረፈው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ 12፣ 24፣ 18፣ 36። ባለዕዳ የሌለው የዕዳ ዝርዝር።

«አዝናለሁ ጋሼ፣ ስሞቹ አይነበቡም» አልኩ።

መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ስሙንማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የጠፋብኝ ቁጥሩ ነበር። ይሄ 36 ብር የአባትህ ነው።»

ከፈልኩ።