«ፊልም እኮ ነው» እያሉ ዝም የሚያሰኙን

ቼዝ የምንወድ ሰዎች ፊልም አብሮን የሚያይ ሰው ያጣነው ወደን አይደለም። የቼዝ ፊልም ወጣ ሲባል ቀድመን ሶፋው ላይ ቦታ የምንይዘው እኛ ነን። ቡናው ሳይፈላ ተቀምጠን እንጠብቃለን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን አንዳችን «ኧረ ሰሌዳውን እዩት!» ይላል። ሌላው ሪሞቱን ይነጥቅና ምስሉን ያቆማል። ይሄኔ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ያቺን የለመድናትን ቃል ይወረውርብናል፦ «ፊልም እኮ ነው! ተዉት በቃ!»

እሺ፣ ፊልም ነው። ግን የቼዝ ሰሌዳ ሲዘረጋ በእያንዳንዱ ተጫዋች ቀኝ በኩል ያለው የጥግ ቤት ነጭ መሆን አለበት። ይህን ሕፃን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይማረዋል። ለመብራቱ ባለሙያ፣ ለልብሱ ባለሙያ፣ ለፀጉሩ ባለሙያ የቀጠረ ሰው ሰሌዳውን አንድ ጊዜ የሚያዞርለት እንዴት ያጣል? ገንዘብ አይጠይቅ፣ ጊዜ አይፈጅ። ማዞር ብቻ ነው። ሰሌዳው ተዛብቶ፣ ሙዚቃው እየከበደ፣ ካሜራው ቀስ እያለ እየተጠጋ፣ ታላቅ ነው የተባለው ተጫዋች በድንገት ቼክሜት ይሆንና ሰማይ እንደተደፋበት ሰው ይደነግጣል። በዚያ ደረጃ ያለ ተጫዋች የሚመጣበትን ከሩቅ ያየዋል። እጁን ይሰጣል፣ ይጨባበጣል፣ ይነሣል። እኛ ግን በየፊልሙ ይህንኑ ድንጋጤ እናያለን፤ በየፊልሙ ዝም በሉ እንባላለን።

ይህስ ይሁን። ልብ ወለድ ሲሆን ጥርሳችንን ነክሰን እናልፋለን። የሚያንገበግበን በስሙ የሚታወቅ፣ ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመዝግቦ የተቀመጠ ሰው ሕይወት ሲነካካ ነው።

«ፓውን ሳክሪፋይስ» የተባለውን የኤድዋርድ ዝዊክን ፊልም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታየ፣ ስለ ቦቢ ፊሸርና ስለ 1972ቱ የሬይካቪክ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ የሚተርክ ነው። ፊሸርን ሆኖ የሚጫወተው ቶቢ ማጓየር ነው። በተዋናይነቱ ቅሬታ የለንም፤ ያን ሁሉንም ነገር የሚጠረጥር ዓይን ደህና አድርጎ ይዞታል። ግን ፊሸር ያን ጊዜ የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ማጓየር ፊልሙ ሲቀረጽ ወደ አርባ ተጠግቷል። ፊሸር ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ የሆነ መለሎ ነው፤ ማጓየር በብዙ ያጥረዋል። «ቁመት ምን ያደርጋል?» ይሉናል። ያደርጋል እንጂ! የዘመኑን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ያውቀዋል። ያ ረጅም ሰውነት ሰሌዳው ላይ ሲያጎነብስ፣ ረጃጅም ጣቶቹ ፈረሱን አንሥተው ሲያስቀምጡ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ሰው ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ይህን ሜካፕ አይሠራውም።

ደግ ሲሠሩ ደግሞ ደግ እንላለን። የፊሸርን ተጋጣሚ ቦሪስ ስፓስኪን ሆኖ የተጫወተው ሊቭ ሽራይበር ያስደስተናል። አነጋገሩ ሩሲያኛ፣ አቀማመጡ የረጋ፣ የሻምፒዮንነት ክብሩ ፊቱ ላይ የሚነበብ። በስድስተኛው ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ ከተመልካቹ ጋር አብሮ ለፊሸር የሚያጨበጭብበት ትዕይንት አለ። አንዳንድ ሰው የተፈጠረ ይመስለዋል። አይደለም፣ ስፓስኪ በእርግጥ አጨብጭቧል። እውነቱን እንዳለ ሲያቀርቡት እንዴት እንደሚያምር አያችሁ?

ታዲያ ለምን እዚያው ላይ አበቃ? ፊልሙ ስድስተኛውን ጨዋታ ጫፍ አድርጎ የቀረውን በጥድፊያ ያልፈዋል። ስድስተኛው የተደረገው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 23። ውጤቱ ገና 3½ ለ 2½ ነበር። ግጥሚያው እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀጥሎ 21ኛው ጨዋታ ላይ 12½ ለ 8½ ነው የተጠናቀቀው። አሥራ አምስት ጨዋታ ቀርቷል እኮ! በ11ኛው ስፓስኪ የፊሸርን ንግሥት አጥምዶ ያሸነፈበት አለ፤ ሰውዬው በስድስተኛው ተሰብሮ የቀረ አልነበረም። በ13ኛው የፊሸር ወታደሮች ከስፓስኪ ግንብ ጋር ሲፋለሙ 74 ርምጃ የሄደው አለ። እኛ ያን ጨዋታ ስንቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ አንዱ መጽሐፍ ይዞ እያነበበ ሌላው ጠጠር እያንቀሳቀሰ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ አምሽተንበታል። ከዚያ ከ14ኛው እስከ 20ኛው ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አቻ። ሁለት የደከሙ ሰዎች እየተናነቁ፣ አንዱም ሳይለቅ። ከዚህ የበለጠ ድራማ ምን ይፈለጋል?

ፊሸር ከ1972 በፊት ስፓስኪን አንድም ቀን አሸንፎት አያውቅም። ሦስቴ ተሸንፎ ሁለቴ አቻ ወጥቷል። ሬይካቪክ ደርሶ የመጀመሪያውን ተሸነፈ። ግጥሚያውን በሚቀርጸው ካሜራ ተማርሮ ለሁለተኛው ሳይቀርብ ቀረና በፎርፌ ተሸነፈ። ሦስተኛውን ከመድረኩ ጀርባ ባለች ክፍል፣ ያለ ተመልካች ተጫውቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፓስኪን አሸነፈ። ይህን የመሰለ ታሪክ ያለ ጨማሪ፣ ያለ ቀናሽ የተሠራ ነው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። «ሰርቺንግ ፎር ቦቢ ፊሸር» የተባለው የ1993 ፊልም ስለ ሕፃኑ ጆሽ ዌይትዝኪን ነው። ጆሽን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ራሱ ቼዝ ተጫዋች ስለነበር አጨዋወቱን ስናይ ደስ ይለናል። ግን የመጨረሻው ወሳኝ ጨዋታ በእውነት አቻ ነበር የወጣው፤ ፊልሙ ላይ ያሸንፋል። ሁለት ሕፃናት እስከ መጨረሻው ታግለው እኩል መውጣታቸው ምኑ ያሳፍራል?

ልብ ወለድ የሆነው «ዘ ኩዊንስ ጋምቢትም» ቢሆን እውነተኛ ሰው በስሟ ጠርቶ በድሏል። የጆርጂያዋን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊን «ወንዶች ገጥማ አታውቅም» አሰኝቶ አለፈ። እስከ 1968 ብቻ ከሃምሳ በላይ ወንዶች ገጥማለች! ሴትዮዋ በሰማንያ ዓመቷ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ስሟን ለመከላከል ተገደደች፤ በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብትቀር ታሪኩ ላይ ምን ይጎድል ነበር?

መሥራት የፈለገ ይሠራዋል። «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» ዩጋንዳ ሄዶ፣ እዚያው ካምፓላ ካትዌ ሰፈር ውስጥ ቀርጾ፣ ለቼዝ ተጫዋቿ ለፊዮና ሙቴሲ ሚና ዩጋንዳዊቷን ማዲና ናልዋንጋን መርጦ አሳይቶናል። ያን ጊዜ ሪሞቱን የነካ ሰው አልነበረም።

የሬይካቪኩ ፊልም ግን አሁንም ይቆጨናል። 21ኛው ጨዋታ ለማግሥቱ ተላልፎ ነበር። በማግሥቱ ስፓስኪ አልመጣም፤ ለዳኛው ሎታር ሽሚት ስልክ ደውሎ እጁን ሰጠ። ፊሸር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልመው የኖረውን ዘውድ ሊቀበል ገባ። ጠጠሮቹ ትናንት በቆሙበት ነበሩ፣ ከማዶ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ያን ባዶ ወንበር ነው ልናይ የፈለግነው።