በበሬ ልብ የተፈተነ ደም

የአምስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ነው። ለክትትል በሄድኩበት ክሊኒክ ደም ሰጥቼ ስጠብቅ አንዲት ልጅ በመስኮት ወረቀት አቀበለችኝ። «ቪዲአርኤል፦ ሪአክቲቭ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት «ቂጥኝ ነው፤ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ወረቀቱን አጣጥፌ ከመታወቂያዬ ኋላ ሸጎጥኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ባለቤቴን ፊት ነሳሁት። ነክቼ የማላውቀውን ኪሱን ፈተሽኩ። እሱ እርግዝናው ነው ብሎ ማታ ማታ ብርቱካን ይዞልኝ ይገባል። ያ ብርቱካን ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

በአራተኛው ቀን አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ፈጣኑ የቂጥኝ ምርመራ ደግሞ ኔጌቲቭ አለ! የቱን ልመን? የላብራቶሪው ባለሙያ ሁለቱን ወረቀቶች አይቶ «እህቴ፣ የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው» አለኝና አርፒአር የሚባለውን፣ የቪዲአርኤልን ታናሽ ወንድም፣ ፊቴ ሠራው። ነጭ ካርድ ላይ ካለው ክብ ውስጥ የደሜን ውኃ ጠብ አደረገ፤ የከሰል ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ጨመረበት፤ ማሽን ላይ 8 ደቂቃ ዞረ። ከጎኑ ያለው የሌላ ሰው ክብ አመድማ ሆኖ ለስልሷል። የእኔው ጥቁር ጥቁር ነጥብ ቋጥሯል፤ የተፈጨ ቡና የተበተነበት ይመስላል።

ይህ ምርመራ ጀርሙን አይፈልግም። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ካርዲዮሊፒን የሚባል ስብ ነው፤ ሜሪ ፓንግቦርን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1941 ከበሬ ልብ የለየችው። ቂጥኝ ሰውነትን ሲጎዳ ደም ይህን ስብ የሚቃወም ነገር ያመነጫል። ችግሩ ወባም፣ ሉፐስም፣ አንዳንዴ እርግዝናም ያንኑ ማድረጋቸው ነው። ፈጣኑ ምርመራና ቲፒኤችኤ የሚባለው ሌላ ምርመራ ግን ራሱን የቂጥኝ ጀርም የሚቃወመውን ይፈልጋሉ። እነሱም ጉድለት አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ፖዘቲቭ ካሉ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ናቸው። አክስቴ በወጣትነቷ በፔኒሲሊን የዳነች ናት፤ ፈጣኑ ግን ዛሬም ሁለት መስመር ያወጣባታል። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግረው አርፒአር ነው፤ ደሙ እስከ ስንት እጥፍ ቀጥኖ እንደሚቋጥር የሚያሳየው ቁጥር ከ1፡32 ወደ 1፡8 ሲወርድ ሐኪሙ ልቡ ያርፋል።

የእኔ 1፡2 ብቻ ነበር። ቲፒኤችኤውም ኔጌቲቭ ሆነ፤ ለጥንቃቄ ከወር በኋላ እንዲደገም ታዘዘ። ምርመራው እንዲቀር አልልም። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንስ ሊገድል ይችላል፤ እናትየው በጊዜ ፔኒሲሊን ከተወጋች ግን ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የዚያች መስኮት ነገር ነው የሚያንገበግበኝ፤ «በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ማታ ወረቀቶቹን ሁሉ ለባለቤቴ ሰጠሁት። አንድ በአንድ አነበባቸው፤ የመጀመሪያው ላይ ያለውን ቀን ሲያይ ቀና አለ።

«ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን?» አለኝ።