ካላቃጠለ አልሠራም

ዘመናችን ያፈራውን አንድ ታላቅ የውበት መርሕ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። መርሑ አጭር ነው፤ ለመሸምደድም ለጎረቤት ለማካፈልም አይከብድም፦ ካላቃጠለ አልሠራም። ፊትሽ ላይ የተቀባው ነገር ዝም ካለ ገንዘብሽን ተበልተሻል። ከለበለበሽ ተስፋ አለሽ። መላጥ ከጀመረ ደግሞ እልል በይ፤ አሮጌው እየሄደ፣ አዲሱ እየመጣ ነው። ይህ ትምህርት በየትኛውም ፋኩልቲ አይሰጥም፤ ተመራቂዎቹ ግን ከመርካቶ ኮስሞቲክስ ቤት እስከ ዱባይ ሻንጣ ድረስ ሞልተዋል።

ዘመቻ ያለ ጠላት አይካሄድምና ጠላቱን እናስተዋውቅ። ጠላቱ የገዛ ቆዳችን ነው፤ በተለይም የላይኛው ሽፋኑ። ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ወይም ሁለት መቶኛ ቢሆን ነው። የቆዳ ሐኪሞች ሲያስረዱት በጡብ ግድግዳ ይመስሉታል፦ የሞቱና ጠፍጣፋ የሆኑ ሕዋሳት ከ15 እስከ 20 ረድፍ ተደርድረው ጡቡ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው የተሞላው ስብ ሲሚንቶው ነው። የዚህ ስብ ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ ይባላል፤ የቀረው በአመዛኙ ኮሌስትሮልና የስብ አሲድ ነው። ግድግዳው ሁለት ሥራ አለው፤ የውስጡ ውኃ እንዳይወጣ፣ የውጭው ጀርምና መርዝ እንዳይገባ። ደመወዝ አይጠይቅም፤ በአራት ሳምንት ገደማ ራሱን በራሱ ያድሳል፤ ለእድሳቱም የወረዳ ፈቃድ አላስፈለገውም። እንዲህ ሳይጮህ የሚሠራ ነገር በእኛ ዘንድ መቼ ታምኖ ያውቃል? ይፍረስ ተባለ።

ማፍረሱ ከኩሽና ይጀምራል። ሎሚ ለሁለት ይከፈልና ፊት ይታሽበታል። ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ ጤነኛ ቆዳ 5 አካባቢ ነው፤ ለዘብ ያለ አሲድ ማለት ነው። ሲሚንቶውን የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች የሚመቻቸው፣ ብዙ ጀርሞችም የማይወዱት ልክ ይኸው ነው። የሎሚ ጭማቂ ግን 2 አካባቢ ነው። መለኪያው በአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ስለሚዘል፣ ሎሚው ፊትን በአንድ ጊዜ ሺህ እጥፍ ወደሚበልጥ አሲድ ይነክረዋል። በማግሥቱ የቤኪንግ ሶዳ ተራ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ8 በላይ ነው። ማታ በሳሙና ይታጠባል፤ ተራ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። ትናንት ወደ ታች የተጎተተው ቆዳ ዛሬ ወደ ላይ ይጎተታል፤ ባለቤቲቱም መስታወት ፊት ቆማ «ጠራልኝ» ትላለች። ሎሚውን በወጉ ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ከወጣች ደግሞ ጉርሻ አለው፤ በሎሚ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ቆዳን አቃጥለው ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ያትሙበታል። ብጉር ላይ የጥርስ ሳሙና የሚለጥፉም አሉ። ብጉሩ ጥርስ አብቅሎ እንደሆነ እንጃ።

ወንዶች በዚህ ዘመቻ ወደ ኋላ ቀሩ የሚል ካለ ፀጉር ቤት ገብቶ ይይ። ጢሙ ተላጭቶ ሲያበቃ አልኮል መዳፍ ላይ ይፈስና ፊት ላይ ይለጠፋል። ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ «እስስስ» ይላል። ያ «እስስስ» የጀርም መሞቻ ድምፅ ነው ተብሎ ይታመናል። አልኮሉ ስቡን አጥቦ እንደወሰደው፣ ምላጩም ሁለት ረድፍ ጡብ ይዞ እንደሄደ የሚነግረው የለም። ቢነገረውም አይሰማም፤ አልተቃጠለምና አልተላጨም።

ኩሽናው ያላረካት ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ትሄዳለች፤ በተለይ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲደራረብ። «ለመቼ ነው የኔ ቆንጆ?» ትላለች ሻጯ። «ለዳግማይ ትንሣኤ።» «ኧረ ይደርሳል!» ባዶ የቅባት ዕቃ ይወጣል። ግማሹ ሎሽን ይሞላበታል፤ ከዚያ ሦስት የተለያዩ ቲዩቦች እስከ ጫፋቸው ተጠቅልለው ይጨመቁበታል፤ በአይስክሬም እንጨት ይማሰላል። ካርቶኖቹ ቆሻሻ መጣያ ይገባሉ። ከአንዱ ካርቶን ውስጥ በደቃቅ ፊደል የታተመ፣ ብዙ ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ማንም አልዘረጋውም እንጂ፣ ክሎቤታሶል የሚባለው መድኃኒት ፊት ላይ እንዳይቀባ፣ ከ2 ተከታታይ ሳምንት እንዳያልፍ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳይበልጥ የሚያዝዘው እሱ ነበር። «ስሙ ማን ይባላል?» ትላለች ሙሽሪት። «ሚክስ ነው። ሲያቃጥልሽ እንዳትደነግጪ፤ እየሠራ ነው።» አምራች የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው። ዋጋ ግን አለው።

ክሎቤታሶል ራሱ ኃጢአት የለበትም። ሐኪም ለክፉ ኤክዜማ ወይም ለሶሪያሲስ ሲያዘው ሰው የሚያሳርፍ ግሩም መድኃኒት ነው። ጤነኛ ፊት ላይ ሲቀባ ግን ደም ሥሮችን ያጠባል፤ ፊት ነጣ ይላል። ብግነትን ያፍናል፤ ፊት ይለሰልሳል። ሙሽሪት በሳምንቱ ታበራለች፤ ሻጯም ትመረቃለች። በዚያው ልክ አዳዲስ ሕዋሳት እንዳይራቡ፣ ሲሚንቶው እንዳይመረት ያግዳል። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፤ ቀያይ የደም ሥሮች ጉንጭ ላይ ይዘረጋሉ፤ ብጉር ይፈላል፤ ያልነበረ ፀጉር ይበቅላል። ደንግጣ ስታቆመው ፊቷ እሳት ይለብሳል። «አየሽ» ትላለች ሻጯ፣ «ስታቆሚው ባሰብሽ፤ ጥሩ ክሬም ነበር ማለት ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይህኛው ሞኝነት ደግሞ ወረቀቱን እንኳ ቅርጫት ጥሎ ክሬሙን ብቻ ይዟል።

ቅልቅሉ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን ከባልደረባው ጋር ሃይድሮኪኖንን፣ ትሬቲኖይንንና አንድ የክሎቤታሶል ዘመድ የሆነ ስቴሮይድን በተለካ መጠን አዋህዶ የቆዳ ቀለም ማሳሻ ቀመር አሳትሟል። በዚያው ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ጽሑፍ ወጣ፦ ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን ማንጫዎች ለረጅም ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ፊታቸው ሰማያዊ በሚመስል ጥቁረት ተወርሶ ተገኘ። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ባወጣችው ደንብ ከመዋቢያ አስወጣችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ከቆዳ መዋቢያ አገደው። እኛ ዘንድ ግን ከነዘመዶቹ በአይስክሬም እንጨት ይለካል።

ከሁሉ የሚያስቀው ሒሳቡ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ቂም ይይዛል፤ የተቃጠለበት፣ የተላጠበት፣ የታሸበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ይቀራል። ለመቅላት ሲባል የተቃጠለው ፊት በጥቁር ነጥብ ይሞላል፤ ለነጥቡ ሌላ የሚያቃጥል ይገዛል። የጣት መገጣጠሚያዎች ደግሞ በእንቢታቸው ጸንተው ፊት የደበቀውን ሁሉ ያወራሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ በሚጨምርበት። ተፈጥሮ ለዚህች ፀሐይ ብላ የሰጠችውን ቀለም በገንዘባችን ገፍፈን እኩለ ቀን ላይ ታክሲ እንሰለፋለን።

ይህን እያነበበች በሙሽሪት የምትስቅ የተማረች እህታችን እንዳለች አውቃለሁ። እሷ ሚክስ አትነካም፤ የእሷ ከዋሽንግተን የተላከ ነው። ማታ ማታ ግላይኮሊክ አሲድ፣ ሬቲኖል፣ ቫይታሚን ሲ፣ በላዩም ማሻሻ በተራ ትቀባለች። እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ በልክ ቢሆኑ ጥቅም አላቸው፤ እሷ ግን በአንድ ሌሊት ሁሉንም ሥራ አስገብታቸዋለች። የ12 ዓመት ልጇም ያልመጣ ሽብሽብ ለማጥፋት ከእናቷ ጠርሙስ ትቀዳለች። በወሩ እህታችን ተራ ውኃ ሲነካት የሚለበልባት ፊት ይዛ ወደዚያው መደርደሪያ ትመለሳለች፤ አሁን ደግሞ «የቆዳ አጥር ጠጋኝ» የተባለ፣ ሴራማይድ ያለበት ክሬም ትገዛለች። ልብ በሉ፤ ሴራማይድ ቀድሞ በነፃ የነበራት ነው። መደርደሪያው ማፍረሻውንም ሲሚንቶውንም ይሸጣል፤ ነጋዴው በሁለቱም ያተርፋል፤ እህታችን ደግሞ «ስኪንኬር አለኝ» ትላለች።

በዚህ ሁሉ ትርምስ የተዋረደው ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ከቆዳ የሚያመልጠውን ውኃ በመያዝ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። እኛም በልጅነታችን በበጋው ብርድ ፊታችን በእሱ ወዝቶ ትምህርት ቤት ተልከናል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ አያቃጥልም። ስለዚህ ለክብር እንግዳ አይቀርብም። የቆዳ ሐኪም ምክርም እንዲሁ ጣዕም የለውም፦ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ በሆነ መታጠቢያ ታጠቡ፤ ቆዳው ሳይደርቅ ቅባት አስይዙት፤ ብጉር የሚያስቸግረው ፊት ቀለል ያለውን ይምረጥ፤ ለፀሐይ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ አቅም ካለ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፤ የተጎዳውን ፊት ጥቂት ሳምንት ተዉት፤ ሚክስ ስትቀባ የቆየች ከነዕቃው ይዛ ሐኪም ታማክር። «ተዉት» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም! እንዲህ ያለውን ማን ለጓደኛው ይመክራል?

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ፊት ሲላጥ ግን ይታወቃል፤ እያወቅን እናጨበጭብለታለን እንጂ። ሻጯን መርገም ቀላል ነው። እሷ ግን የሸጠችው የተጠየቀችውን ነው፤ ጠያቂዋን የላክናት እኛ ነን። ልጅቷን በጠይምነቷ ሳለች «ጠቆርሽ፣ ከሳሽ እንዴ?» ያልናት፣ ፊቷ ሲላላጥ ደግሞ «አማረብሽ፣ ቀላሽ!» ብለን ያቀፍናት እኛው ነን። እንግዲህ እናንተ አክስቶች፣ እናንተም የሙሽራው ወገኖች፣ በሚቀጥለው ሰርግ «ምን ተቀብታ ነው እንዲህ የቀላችው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር አሟሉ። ሙሽሪት ዘነበወርቅ ድረስ ሄዳ አለርት ሆስፒታል ለቆዳዋ ወረፋ የምትይዝበትን የታክሲ ሂሳብ ከሽልማቱ ጋር አብራችሁ አስረክቡ፤ ቀሪው ለመድኃኒት ይሁናት።