ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አብራሪነት በስህተት የመመለሻ መንገድ

ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ካቆሙ ዓመታት ካለፉና በስህተት መመለስ ከፈለጉ፣ መጀመሪያ የድሮውን ፈቃድዎን ከመሳቢያ ያውጡ። በአሜሪካ የፓይለት ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ስለዚህ «ሕጉ ዛሬም ፓይለት ይለኛል» ይበሉና ሌላውን ደንብ ሳያነቡ ይለፉት። ያላነበቡት ደንብ ባለፉት 24 ወራት ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት መሬት ላይ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ አየር ላይ ሆኖ የበረራ ግምገማ ያላደረገ ሰው ብቻውን እንኳ መብረር እንደማይችል ይናገራል። ሰው ለማሳፈር ደግሞ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ማረፍን ይጠይቃል። የጤና ማረጋገጫውም ለብቻው ነው። ከመሳቢያ የወጣው ፈቃድ የወረቀት ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2010 ማብቂያ ጀምሮ በእሱ መብረር ስለማይቻል በፕላስቲኩ ማስቀየር ይኖርብዎታል።

ቀጥሎ እጅዎን ይመኑ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከአድማሱ ጋር ማስተካከል፣ ከፍታ ጠብቆ መሄድ፣ በእርጋታ መታጠፍ በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ቶሎ ይመለሳሉ። ትልቁ አደጋ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። እጅ ቀድሞ ይመለሳል፣ ፍርድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ሰው ከሚገባው በላይ በራሱ ይተማመናል። ይህ እንዲያው ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የናሳ ተመራማሪው ስቲቨን ኬዝነርና ባልደረቦቹ 16 የአየር መንገድ ፓይለቶችን በቦይንግ 747-400 ሲሙሌተር ፈትነው ነበር። በእጅ የማብረር ችሎታቸው ብዙም ሳይለማመዱት በአብዛኛው እንዳለ ተገኘ። የተቸገሩት በማሰቡ ሥራ ነው፤ ካርታው ሳይታያቸው የት እንዳሉ መከታተል፣ ቀጥሎ የሚደረገውን መወሰን፣ የተበላሸ መሣሪያን ለይቶ ማወቅ ከበዳቸው። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1983 ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የተሠራ ጥናት ደግሞ አዲስ ፈቃድ ያገኙ የግል ፓይለቶችን በ8፣ በ16 እና በ24 ወራት ፈትኖ ችሎታቸው እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። ይባስ ብሎም የትኛው ችሎታቸው እንደደከመ ራሳቸው በትክክል መገመት አልቻሉም። እንግዲህ «ደኅና እንደሆንኩ ይሰማኛል» የሚለው ማስረጃ ከሁሉም የደከመው ማስረጃ ነው።

«የ747 ፓይለትና የሴስና 172 አብራሪ ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ ግን የሚያከብደው የትንሿን አውሮፕላን ሸክም ነው። ትልቁ አውሮፕላን ውስጥ አጠገብዎ ሌላ ፓይለት አለ፣ መሬት ላይም በረራውን የሚከታተል ባለሙያ አለ። ሴስናው ውስጥ ነዳጁን፣ የአየር ጠባዩን፣ ሬዲዮውንና ካርታውን የሚይዘው ያው አንድ ጭንቅላት ነው። «አንድ ሺህ ሰዓት በርሬአለሁ» ለሚለውም እውነቱን መስጠት ይገባል፤ ብዙ የበረረ ሰው መልሶ ሲማር ይፈጥናል። ነገር ግን ሎግ ቡኩ ላይ ያለው ድምር ያ ሁሉ ሰዓት መቼ እንደተበረረ አይናገርም።

አሁን ወደ ማረፊያው ይቅረቡ፤ የድሮውን ቁጥር ይዘው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩ ብዙ ሴስናዎች ፍጥነትን የሚያሳዩት በማይል በሰዓት ነበር፤ የኋለኞቹ በኖት ነው። በጭንቅላትዎ የቀረው «80» በማይል ከነበረ 70 ኖት ያህል ነው። ፍጥነትን በኖት በሚያሳይ መሣሪያ ላይ 80 ይዘው ከመጡ አውሮፕላኑ ከሚገባው 30 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይዟል፤ መንደርደሪያው ላይ እየተንሳፈፈ ይሄድና አልወርድ ይላል። እጅዎ ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን ቁጥር በትክክል ይዟል። የባሰው ደግሞ ወደ መንደርደሪያው የሚያስገባው የመጨረሻ መታጠፊያ ነው። ነፋስ ከኋላ ገፍቶዎት መስመሩን ካለፉ፣ ክንፉን የበለጠ ማዘንበል ፈርተው አፍንጫውን በእግር ፔዳል ወደ ውስጥ ይግፉ፣ መሪውንም ይሳቡ። አውሮፕላኑ ከፍታውን ጠብቆ 60 ዲግሪ አዘንብሎ ሲታጠፍ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን አጥቶ የሚከዳበት ፍጥነት 41 በመቶ ይጨምራል፤ 48 ኖት የነበረው 68 ይሆናል። በዚያ ላይ ፔዳሉ ሲጨመር አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይከዳና አውሮፕላኑ ይሽከረከራል። ከዚያ ከፍታ ላይ ለማስተካከል የሚበቃ ቦታ የለም። መድኃኒቱ እጅግ ቀላል ነው፦ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ማረፉን ትቶ፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። ይህን መወሰን ግን የፍርድ ሥራ ነው።

ሰማዩም እንደነበረ ነው ብለው ያስቡ። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ይህ ስህተት ተዋጊ ጄት ሊያስነሳብዎ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት ወዲህ ከተማዋን 30 ኖቲካል ማይል ያህል የሚከብ ልዩ የአየር ክልል ተደንግጓል፤ የበረራ ዕቅድ ሳያስገቡ፣ የትራንስፖንደር ኮድ ሳይቀበሉና ከተቆጣጣሪ ጋር በሬዲዮ ሳይገናኙ አይገባበትም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 በኋላ ደግሞ በትልልቅ አየር ማረፊያዎች አካባቢ ቦታውን በራሱ የሚያስተላልፍ መሣሪያ የሌለው አውሮፕላን ያለ ፈቃድ መብረር አይችልም።

«አስተማሪ ውድ ነው፣ የአውሮፕላን ኪራይም ኪስ ይጎዳል» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው። ነገር ግን ይበልጥ የሚደክመው ፍርድ ከሆነ፣ ይበልጥ የሚጠቅመው ልምምድ ርካሹ ነው ማለት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ ጉዞ ማቀድ፣ ነዳጅ ማስላት፣ ሞተር ቢጠፋ የሚደረገውን ጮክ ብሎ መናገር፣ የአየር ጠባይ ዘገባ አንብቦ «ዛሬ አልበርም» ማለት። ሕጉ ያስቀመጠው አንድ አንድ ሰዓት ዝቅተኛው ልክ ነው፤ መቼ እንደሚበቃዎ የሚወስነው አስተማሪው ነው። ስለዚህ ቤተሰብዎን ከማሳፈርዎ በፊት ለአስተማሪ ይደውሉ፤ ሲደውሉም የመጨረሻውን በረራዎን ቀን ከሎግ ቡክዎ ላይ ሳይሸራርፉ ያንብቡለት።